ብርሃን የሚያነቃቸው የካንሰር መድኃኒቶች «ቅንጦት» ናቸው? በሰፊው ለተጋራ አንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። መጀመሪያ የላከልኝ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ነው። ከዚያ የሥራ ባልደረቦቼ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ወጣ። አሁን ደግሞ አክስቴ ሳትቀር ላከችልኝ። የሚያወራው ብርሃን ሲያርፍባቸው ካንሰርን ስለሚገድሉ የብረታ ብረት ውህዶች ነው። ጸሐፊው እነዚህ መድኃኒቶች «የፈረንጅ ላብራቶሪ ቅንጦት» ናቸው ባይ ነው። ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው፣ ቀልዱም ይጥማል። ሰው የወደደውም ለዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን ብዙ ቦታ ስቷል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ስህተቱ ሰው ይጎዳል።

መጀመሪያ ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ብረት ደም ሥር ውስጥ ሲገባ መርዝ ነው ይላል፤ ማስረጃው ሲስፕላቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ነው። ሁለተኛ፣ ብርሃን ሥጋን አያልፍም፣ ስለዚህ ውስጥ ላለ ዕጢ አይሠራም። ሦስተኛ፣ ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ምንም አልወለደም፤ ፓላዲየም የሚባል ብረት ያለበት ብዙ የተወራለት መድኃኒት እንኳ አሜሪካ ውስጥ ወድቋል። አራተኛ፣ ሕክምናው ሰውን ከፀሐይ ጋር ስለሚያጣላ የ13 ወር ፀሐይ ላለው አገር አይሆንም። አምስተኛ፣ የጨረር ማሽን ያልጠገበ አገር በዚህ ላይ አንድ ብር ማውጣት የለበትም፤ አራት ኪሎ ያሉ የኬሚስትሪ ተማሪዎችም ጊዜያቸውን እያባከኑ ነው።

ከነዚህ ውስጥ የምስማማበት አለ፤ ስደርስበት እናገራለሁ።

«ብረት መርዝ ነው» ከሚለው ልጀምር። ሰው የሚጎዳው ይሄኛው ነውና።

የምሠራው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ ነው። ባለፈው አንድ ወጣት ማዘዣ ይዞ መጣ። ወረቀቱን ግን እንደ ሌላው ሰው መስኮቱ ላይ ጣል አላደረገውም። እንደጨበጠው «ዶክተር፣ አንዴ ላስቸግርዎት» አለኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ እዚህ ሰፈር ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። «እናቴ ናት። የማህፀን በር ነው ያሏት። ይሄ ሲስፕላቲን የሚሉት ብረት ነው የሚባለው እውነት ነው እንዴ?» ስልኩን አዞረልኝ። ያው ጽሑፍ ነው። ፕላቲኒየም በሰው ደም ሥር ስለመግባቱ የሚያወራው አንቀጽ ላይ ቆሟል።

አዎ፣ እውነት ነው። ሲስፕላቲን መሐሉ ላይ የፕላቲኒየም አቶም አለው። ያለ እሱ መድኃኒትም አይሆን፤ የካንሰሩን ሴል ዲኤንኤ ጠፍንጎ የሚይዘው ፕላቲኒየሙ ነው። ይህን ባሕርዩን ያገኘው ባርኔት ሮዘንበርግ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። ሚሺጋን ውስጥ በባክቴሪያ ላይ የኤሌክትሪክ ሙከራ ያደርግ ነበር። ኤሌክትሪኩን ለማስገባት ከተጠቀመበት ፕላቲኒየም የወጣ ውህድ ባክቴሪያዎቹን መከፋፈል ሲከለክላቸው አየ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በ1978 አሜሪካ መድኃኒቱን ፈቀደች። ከዚያ በፊት ወደ ሌላ አካል የተሰራጨ የዘር ፍሬ ካንሰር የሞት ፍርድ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ከ10 ታማሚዎች 8ቱ ገደማ ይድናሉ። በ1999 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ለሐኪሞች ልዩ ማሳሰቢያ አወጣ። በርካታ ሙከራዎች ሲስፕላቲን ከጨረር ጋር ሲሰጥ የማህፀን በር ካንሰር ታማሚዎችን ዕድሜ እንደሚያራዝም ስላሳዩ ነው። የወጣቱ እናት የታዘዘላትም በዚህ መንገድ ነበር።

ይህንን በአጭሩ ነገርኩት። ቀሪውን ሐኪሟን ይጠይቅ ዘንድ ጥያቄዎቹን አብረን ወረቀት ላይ ጻፍን፤ የኩላሊት ምርመራዋ መቼ ነው፣ ጆሮዋ ጭው ካለ ለማን ትናገር የሚሉትን። መድኃኒቱንም ወሰደ። ባይመጣና ባይጠይቅስ? ጽሑፉን አንብበው ወደ መስኮቱ ሳይመጡ የቀሩትን አላውቃቸውም።

ጸሐፊው ልክ የሆነበትን እዚህ ጋ ልመን። ሲስፕላቲን ከባድ መድኃኒት ነው። ኩላሊት ይጎዳል፣ ጆሮ ይጎዳል፣ ማስመለሱ ከባድ ነው። ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ ያ ሁሉ የኖርማል ሳላይን ከረጢት የሚንጠለጠለው ኩላሊቱን ለማጠብ ነው። ይህን ማንም አልደበቀም። ግን «አንድ የብረት መድኃኒት ይጎዳል» ከሚል ተነስቶ «ብረት ሁሉ መርዝ ነው» ወደሚል መዝለል አይቻልም። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ከኦአርኤስ ጋር የምትሰጠው እንክብል ዚንክ ነው። ሁመራና መተማ አካባቢ ካላዛር የያዘው የቀን ሠራተኛ የሚወጋው ስቲቦግሉኮኔት አንቲሞኒ ነው። አንቲሞኒ ደግሞ ከዚንክ ጋር የሚወዳደር የዋህ ነገር አይደለም፤ ልብን ሊጎዳ ይችላል። ያም ሆኖ በመጠኑ ተሰጥቶ ሰው ያተርፋል። ኤምአርአይ ስንነሳ አንዳንዴ የሚወጋን ማጉያ ጋዶሊኒየም አለው። ቫይታሚን ቢ12 ውስጥ ኮባልት አለ። ጸሐፊው ራሱ በየደቂቃው የሚተነፍሰውን ኦክስጅን የሚሸከምለት አይረን ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ነገሩ ደስ ስለሚል። ደማችን ውስጥ አይረኑን የያዘው ክብ ሞለኪውል አለ። ቅጠል ውስጥ ደግሞ የዚሁ ሞለኪውል ዘመድ አለ፤ መሐሉ ላይ የተቀመጠው ግን ማግኒዥየም ነው። እሱ ክሎሮፊል ነው። ብርሃን የሚይዙ አንዳንድ ባክቴሪያዎችም የራሳቸው ክሎሮፊል አላቸው። እስራኤል ውስጥ የዋይዝማን ተቋም ሰዎች ይህን የባክቴሪያ ክሎሮፊል ወሰዱና ማግኒዥየሙን አውጥተው ፓላዲየም አስገቡበት። ጸሐፊው «ወደቀ» ያለው መድኃኒት ይሄ ነው፤ ስሙ ፓዴሊፖርፊን ነው። ከባዕድ ዓለም የመጣ መርዝ አይደለም።

ብረቱ ለምን አስፈለገ? ውህዱ ጨለማ ውስጥ ዝም ይላል፤ ቢያንስ ዝም እንዲል ተብሎ ነው የሚሠራው። የሚስማማው ቀለም ያለው ብርሃን ሲያርፍበት ጉልበቱን ይወስድና አጠገቡ ላለው ኦክስጅን ያስተላልፋል። ኦክስጅኑ ለጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ያብዳል። በዚያች ቅጽበት ያገኘውን ፕሮቲንና የሴል ሽፋን ያበላሻል። የሚደርስበት ርቀት ከአንዲት ሴል ስፋት በጣም ያንሳል። ከባድ አቶም መሐል ላይ ሲቀመጥ ሞለኪውሉ የወሰደውን ጉልበት ወዲያው በብርሃን መልክ ከመመለስ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይይዘዋል። ለኦክስጅኑ ለማስተላለፍ ፋታ ያገኛል ማለት ነው። የብረቱ ሥራ ይሄ ነው።

አሁን የጸሐፊውን ክርክር መልሰን እንየው። ሲስፕላቲን ለምን ይጎዳል? ማብሪያ ማጥፊያ ስለሌለው ነው። ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ዕጢውም ጋ፣ ኩላሊቱም ጋ፣ ጆሮውም ጋ ይሠራል። ብርሃን የሚያነቃው መድኃኒት ሐሳቡ የመጣው ይህን ችግር ለመፍታት ነው። ብርሃኑ ያረፈበት ቦታ ብቻ ይነቃል። ጸሐፊው የድሮውን መድኃኒት ጉዳት ያንን ጉዳት ሊያስቀር በታሰበው ላይ ማስረጃ አድርጎ አቀረበው። ይሄ ምን ዓይነት ሙግት ነው? «አንዳንዶቹ ውህዶች ጨለማ ውስጥም መርዝ ናቸው» ቢል ኖሮ ግን እጄን አነሳለት ነበር። እንደዚያ የሆኑ አሉ፤ ከላብራቶሪ ሳይወጡ የሚቀሩትም በዚሁ ነው።

ሁለተኛው፣ «ብርሃን ሥጋን አያልፍም» የሚለው ነው። ጸሐፊው ቆንጆ ምሳሌ አምጥቷል። የስልክህን መብራት መዳፍህ ላይ ግጠመው፣ በወዲያ በኩል ምን ታያለህ? ይላል።

እሺ፣ እንሞክረው። መዳፍ ወፍራም ነው፤ ጣት ላይ እናድርገው፣ መብራቱንም አጥፍተን። ጣታችን ይቀላል። መብራቱ ነጭ ነበር፣ የወጣው ግን ቀይ ነው። ሰማያዊውና አረንጓዴው የት ሄደ? አብዛኛውን ደማችን ዋጠው። ቀዩ አለፈ። በካንሰር ሕክምናም እንዲሁ ነው። ሰማያዊ ብርሃን ከቆዳ ሥር ብዙም አይሄድም። ቀይ ጥቂት ሚሊሜትር ይገባል። የሞገድ ርዝመቱ (የብርሃን ቀለም የሚለካበት ነው) ከ700 ናኖሜትር በላይ የሆነው፣ ዓይናችን በደንብ የማያየው ብርሃን ወደ 1 ሴንቲሜትር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ «አያልፍም» ሳይሆን «ሩቅ አይሄድም» ነው መባል ያለበት።

ሩቅ ካልሄደ ደግሞ ምንጩን ማቅረብ ነው። ጸሐፊው ያስቀረው ይሄንን ነው። ማንም ሐኪም ታማሚውን አስተኝቶ ከላይ ፓውዛ አያበራበትም። ብርሃኑ የሚገባው በቀጭን የመስታወት ክር ነው፣ ኢንተርኔት በሚመጣበት ዓይነት ክር። ለጉሮሮ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቱቦ ይገባል። ለፕሮስቴት ታማሚው ሙሉ ማደንዘዣ ወስዶ፣ ከብልቱ በስተኋላ ባለው ቆዳ በኩል ቀጫጭን ክሮች ዕጢው ድረስ ይዘልቃሉ። የፓላዲየሙ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። ከዚያ 753 ናኖሜትር ያለው ሌዘር ለ22 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ይበራል። አለቀ።

የሽንት ፊኛ ነገር ደግሞ ክርክሩን ጭራሽ ይገለብጠዋል። ካናዳ ውስጥ ቲኤልዲ-1433 የሚባል የሩተኒየም (ይሄም ብረት ነው) ውህድ በሰዎች ላይ እየተሞከረ ነው። ሙከራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የሚሞከርባቸው ሰዎች ካንሰራቸው ገና የፊኛው የውስጥ ሽፋን ላይ ያለ፣ ጡንቻው ውስጥ ያልገባ ነው። የተለመደው ሕክምናቸው ቢሲጂ ነው። አዎ፣ ሕፃናት ክንዳቸው ላይ የሚወጉት የቲቢ ክትባት። ፊኛ ውስጥ ሲጨመር የሰውነትን መከላከያ ይቀሰቅሳል። እሱ እምቢ ያላቸው ሰዎች ከፊታቸው የሚጠብቃቸው ብዙ ጊዜ ፊኛውን ከነጭራሹ ቆርጦ ማውጣት ነው። በአዲሱ ሙከራ የሩተኒየሙ ፈሳሽ በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ፊኛ ውስጥ ይገባል፣ ይቆያል፣ ከዚያ ይታጠባል። ቀጥሎ የብርሃን ክር ይገባና ፊኛው ውስጥ አረንጓዴ ብርሃን ይበራል።

ለምን አረንጓዴ? ሩቅ ስለማይሄድ! ካንሰሩ ያለው ላይኛው ስስ ሽፋን ላይ ነው። ከሥሩ ያለው ጡንቻ እንዲነካ አይፈለግም። ጸሐፊው «ድክመት ነው» ያለው ነገር እዚህ ጋ ጥበቃ ሆነ። ሌላም ልጨምር፤ ይህ የብረት ውህድ በደም ሥር አይሰጥም። «ብረት በደም ሥር» እያሉ ስለዚህ መድኃኒት መጻፍ አይቻልም።

አንድ ነገር ግን ይታወቅልኝ። ይህ የሩተኒየም መድኃኒት ገና ለሽያጭ አልተፈቀደም። ሙከራ ላይ ነው። ከፌስቡክ ላይ አንብቦ «መጣልን» የሚል ካለ እሱንም አልደግፍም።

ጸሐፊው «የተሰራጨ ካንሰር በብርሃን አይታከምም» ያለው ትክክል ነው። ጉበት፣ ሳንባና አጥንት ውስጥ የተበተነን ካንሰር በክር እየተከተሉ ማብራት አይቻልም። ይሄ ባነጣጠሩበት ቦታ ላይ ብቻ የሚሠራ ሕክምና ነው፤ እንደ ቀዶ ሕክምናና እንደ ጨረር። ግን ቀዶ ሕክምናም የተሰራጨ ካንሰርን ብዙውን ጊዜ አያድንም። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናን «ቅንጦት» እንበለው?

የሚገርመኝ ደግሞ ከሁሉ የሚከብደውን ጥያቄ አለማንሳቱ ነው። እኔ ላንሳለት። ሕክምናው ኦክስጅን ይፈልጋል ብያለሁ። ትልልቅ ዕጢዎች ግን መሐላቸው ኦክስጅን የተራበ ነው። መድኃኒቱ ደርሶ፣ ብርሃኑ ደርሶ፣ ኦክስጅኑ ባይኖርስ? እውነተኛ ችግር ነው። ተመራማሪዎችም እዚህ ላይ ነው ላባቸውን የሚያፈሱት። እንግሊዝ አገር የፒተር ሳድለር ቡድን የሠራቸው የፕላቲኒየም ውህዶች አሉ፤ ብርሃን ሲያገኛቸው ይፈርሱና ራሳቸው ሴሉን ያጠቃሉ፣ ኦክስጅን አይለምኑም። እነዚህ ገና በላብራቶሪ ደረጃ ያሉ ናቸው። ቢሆንም የብረት ውህድ ከሌላው የሚለይበት አንዱ ነገር ይሄ ነው።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ፤ «መቶ ዓመት ምንም አልወለደም» ወደሚለው። የመቶ ዓመቱ ታሪክ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ሙኒክ ውስጥ ኦስካር ራብ የሚባል ተማሪ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ቀለም ከተጨመረባቸው በኋላ ብርሃን ሲያገኛቸው ቶሎ እንደሚሞቱ አየ። መምህሩ ሄርማን ፎን ታፓይነር ነበር። ከዚያ ለምን ዘገየ? ክር የሚያክል ነገር ውስጥ ብርሃን ለማስገባት ሌዘር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሌዘር የበራው በ1960 ነው። ውህዶቹም የተደበላለቁ ነበሩ። በ1970ዎቹ ቶማስ ዶኸርቲ ኒውዮርክ ግዛት ቡፋሎ ከተማ ውስጥ ነገሩን መልክ አስያዘው። ፎቶፍሪን የሚባለው መድኃኒት በ1993 ካናዳ ውስጥ ለፊኛ ካንሰር፣ በ1995 አሜሪካ ውስጥ ለጉሮሮ ካንሰር ተፈቀደ። እርግጥ ፎቶፍሪን ብረት የለውም። ግን «ምንም አልወለደም» የተባለው ስለ ብርሃኑ ሐሳብ ነበርና መልሱ ይኸው።

ደግሞስ ዘግይቶ መምጣት ከመቼ ወዲህ ነው ጥፋት የሆነው? ሲስፕላቲንን ጣሊያናዊው ሚኬሌ ፔይሮኔ የሠራው በ1840ዎቹ ነው። መድኃኒትነቱ የታወቀው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በጸሐፊው ስሌት ከሆነ በ1964 መጣል ነበረበት።

የፓላዲየሙን «ውድቀት» በተመለከተ ግን ግማሹን ነው የነገረን። ያልነገረን ግማሽ ይሄ ነው። አውሮፓ ውስጥ 413 ወንዶች የተሳተፉበት ሙከራ ተደረገ። ሁሉም ዝቅተኛ ስጋት ያለው የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸው ናቸው። ግማሹ ሕክምናውን አገኘ፣ ግማሹ በክትትል ብቻ ቆየ። ከ2 ዓመት በኋላ ካንሰሩ የባሰባቸው ከታከሙት 28 በመቶ፣ ክትትል ላይ ከነበሩት 58 በመቶ ሆኑ። የአውሮፓ ኅብረት በ2017 ፈቀደው። በ2020 የአሜሪካ አማካሪ ኮሚቴ አብላጫ ድምፅ ተቃወመ። ይህ የተቃውሞ ድምፅ እውነት ነው፤ ጸሐፊው አልዋሸም።

የተቃወሙት ግን ለምንድን ነው? ብርሃኑ አይሠራም ብለው አይደለም። ዝቅተኛ ስጋት ያለው የፕሮስቴት ካንሰር በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ብዙ ወንዶች ከሱ ጋር ኖረው በሌላ ምክንያት ነው የሚሞቱት። ታዲያ በክትትል መቆየት ለሚችል ሰው ሕክምናው በረጅሙ ምን ይጠቅመዋል? የሚለው ነበር ጥያቄው። የአሜሪካኖቹ ጥያቄ ለእኔ አሳማኝ ነው። ይሁን እንጂ «ይህ ታማሚ ሕክምና ያስፈልገዋል ወይ» እና «ሕክምናው ይሠራል ወይ» ለየቅል ናቸው። ያው መድኃኒት አሁን ወደ ኩላሊት በሚጠጋው የሽንት መስመር ላይ በሚወጣ ካንሰር እየተሞከረ ነው። እዚያ አማራጩ ብዙ ጊዜ ኩላሊቱን ማውጣት ነው። ጥያቄውም ይለወጣል።

ፀሐይዋን በአጭሩ ልመልስ። ጸሐፊው የጠቀሰው ፎቶፍሪንን ነው፤ ስለ እሱ ያለው ልክ ነው። መድኃኒቱ ቆዳ ውስጥ ስለሚቆይ ታማሚው ቢያንስ 30 ቀን ከፀሐይ መራቅ አለበት። የፀሐይ ክሬም እንኳ አያድነውም፤ ክሬሙ የሚከለክለው አልትራቫዮሌቱን ነው፣ መድኃኒቱን የሚያነቃው ግን ተራው የሚታይ ብርሃን ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ፣ በጥቅምት ፀሐይ ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ ለገሃር በእግር መውረድ ለዚህ ሰው አይታሰብም። ከክፍለ ሀገር መጥቶ አልጋ ተከራይቶ ለሚታከም ሰው ደግሞ አንድ ወር ተከቶ መቀመጥ ወጪውም ብቸኝነቱም ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ጀርመናዊው ሐኪም ፍሪድሪክ ማየር-ቤትዝ የዚህን መድኃኒት አያት ራሱ ላይ ወግቶ ፀሐይ ላይ ወጣ። ፊቱ አባብጦ የተነሳው ፎቶ አሁንም በመማሪያ መጻሕፍት ይታያል። ለወራት ነው የተሠቃየው።

ታዲያ አዲሶቹ የብረት ውህዶች ከፎቶፍሪን የሚለዩበት ነገር አንዱ ይኸው ነው። የፓላዲየሙ መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ ከደም ስለሚወጣ ጥንቃቄው ለ48 ሰዓት ነው። የሩተኒየሙ ፊኛ ውስጥ ገብቶ ይታጠባል። ጸሐፊው የአንዱን መድኃኒት ችግር ወስዶ ችግሩን ለማቃለል በመጡት ላይ ለጠፈው። በሲስፕላቲንም ያደረገው ይህንኑ ነው።

አምስተኛው ላይ ከሁሉም በላይ የምስማማበትም የምጣላበትም ነገር አለ።

የምስማማበት፦ ገንዘብ ቢኖረን መጀመሪያ የት ይሂድ ቢባል እኔም የምለው ጸሐፊው ያለውን ነው። ለብዙ ዓመታት መላው አገሪቱ የነበራት የጨረር ማዕከል አንድ ነበር፣ ጥቁር አንበሳ። ዛሬ ተጨማሪ ማዕከላት ቢኖሩም ወረፋው አልቀለለም። የማህፀን በር ካንሰርን ገና ሳይነሳ ኮምጣጤ ውስጥ ያለውን አሲድ ቀብቶ ማየትና በሙቀት ማጥፋት ርካሽ ነው፤ ጤና ጣቢያ ላይ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው፣ ይህንኑ ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት ከየትኛውም ሩተኒየም የበለጠ ሕይወት ያተርፋል። ይህን ለመካድ ምክንያት የለኝም።

የምጣላበት፦ የጨረር ማሽን ያልመጣው አራት ኪሎ የኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ አንድ የማስተርስ ተማሪ ዚንክ ከሊጋንድ (ብረቱን ከሚይዘው ሞለኪውል) ጋር ስላዋሃደ ነው እንዴ? ይሄ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። የተማሪው የጥናት በጀት ምን ያህል እንደሆነ ያንን ክፍል ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ሶልቨንት (ማሟሚያ ፈሳሽ) ከጓደኛ ተበድሮ ነው የሚጨርሰው። ያንን ሰብስበን የጨረር ማሽን አንገዛም። የብረት ውህድ መሥራት ደግሞ ከኬሚስትሪ ምርምሮች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ብርሃኑም የግድ ውድ ሌዘር አይደለም። ሕንድ ውስጥ በአፍ ካንሰር ላይ የተሠራበት መሣሪያ በባትሪ የሚሠራ የኤልኢዲ መብራት ነው፤ ታስቦ የተሠራው መብራት ለሚጠፋበት ቦታ ነው። እዚያ የተጠቀሙት መድኃኒት ብረት የለውም፤ መብራቱ ግን ለማንኛውም ይሆናል። እስራኤል ውስጥ ደግሞ እኛ ቁንጭር የምንለውን የቆዳ በሽታ መድኃኒት ቀብተው በቀን ብርሃን አክመዋል። ቁንጭር የማን በሽታ ነው? የኛ ደገኛ ልጆች ፊት ላይ አይደለም ወይ ያለው? አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ቆዳ ላይ የሚወጣው ቅድመ ካንሰር ቁስልስ? እሱ ላይኛው ቆዳ ላይ ነው፣ ለብርሃን ሕክምና ይመቻል።

ግን ጸሐፊው በተማሪዎቹ ላይ የሰነዘረው ቀልድ መሠረት የለውም አልልም። ብዙ ጊዜ የምናየው ጥናት እንዲህ ነው፤ ኮፐር ወይም ዚንክ ከአንድ ሊጋንድ ጋር ይዋሃዳል፣ ኢ.ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ የተዘራበት ሳህን ላይ ጠብታው ይደረጋል፣ ክቡ በማስመሪያ ይለካል፣ ከዚያ መደምደሚያው ላይ «ይህ ውህድ ለካንሰር ሕክምና ተስፋ ሰጪ ነው» ይባላል። የት ያየነው ካንሰር ነው? መብራቱስ የታል? በብርሃን የሚነቃ መድኃኒት እሠራለሁ የሚል ሰው ቢያንስ ሁለት ሳህን ያስፈልገዋል፤ አንዱ ጨለማ ውስጥ፣ አንዱ መብራት ሥር። በጨለማ ሴሉን ለመግደል የሚያስፈልገው መጠን በብርሃን ከሚያስፈልገው ስንት እጥፍ ነው? ብርሃኑ ስንት ናኖሜትር ነበር፣ ስንት ደቂቃ በራ? ጤነኛ ሴል ላይስ ምን አደረገ? እነዚህ አራት ቁጥሮች የሌሉበት ወረቀት ከሆነ ጸሐፊው ሲስቅበት እኔም አብሬው እስቃለሁ።